የደረጃው ዘይት

ዘይቱ ለምግብ አልነበረም። ይህን ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም ለጋሼ ወልደ ሐዋርያት በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። ግንቦት ላይ ሁለት ቆርቆሮ የተልባ ዘይትና አንድ ቆርቆሮ ላምባ አምጥቼ ግቢያቸው ሳስቀምጥ፣ «ለደረጃው ነው» አልኳቸው። «ገብቶኛል» አሉኝ። በገዛ እጃቸው ዕቃ ቤት አስገብተው ቆለፉበት።

ደረጃው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ከግቢያቸው አጥር ጀርባ ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ ይወጣል። ሠላሳ አራት እርከን አለው። ባለቤቴ አካሉ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ያደገው እዚያ ዳገት ላይ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከነሸክማቸው ጭቃው ላይ ሲወድቁ እያየ። በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ በዕረፍት ቀኖቹ፣ ከግንበኛው ከጉተማ ጋር ሆኖ ደረጃውን በሲሚንቶ ሠራው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር። እንጦጦ ላይ በክረምት በረዶ ይወርዳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ውሃ የጠጣ ሲሚንቶ ውርጭ ሲያገኘው ፊቱ ይላጣል፣ ጠርዙ ይሰበራል። ውሃ እንዳይጠጣ አስቀድሞ ዘይት መጠጣት አለበት። አካሉ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ታመመ፤ ሰኔ ፲፪ ቀን ሞተ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በሥራ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ዘይትና ላምባ እኩል በእኩል። በደንብ ሲደርቅ። ሁለት ጊዜ። ከክረምት በፊት።» ገጹን ቀድጄ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት።

የመጀመሪያውን ክረምት ደረጃው ያለ ዘይት አለፈ። በዚያ ክረምት እኔ ስለ ሲሚንቶ አላሰብኩም። ታኅሣሥ ላይ ግን ጂቱ የምትባል እንጨት ተሸካሚ የተሰበረ ጠርዝ ረግጣ ወደቀች፤ የግራ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። ሴቶቹ እንዳይወድቁ ብሎ የሠራው ደረጃ ሴት ሰበረ። ይህን የሰማሁ ዕለት ጉተማን አስጠራሁት።

ጉተማ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የተላጠውን በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቆ ጠርዞቹን እንደገና ሞላቸው። እንዳይሰነጠቁ አንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ሸፈናቸው። ከዚያ በኋላ መድረቅ ነበረባቸው።

«እርጥቡ ላይ ከቀባን ውሃውን ውስጥ ቆለፍንበት ማለት ነው» አለኝ።

«ወር ይበቃዋል?»

«ፀሐይ ካለ ወር ይበቃዋል፣ ወይዘሮ።»

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሰኔ ፲፪፣ ቅዳሜ፣ ዓመቱ።

ጋሼ ወልደ ሐዋርያት በዚያ ቀን ተዝካር እንዳወጣ አዘውኝ ነበር። «ዳስ ይጣል፣ ካህናት ይጠሩ» አሉኝ፤ «ሰው ሞቶ እንዲሁ ዝም ይባላል እንዴ?»

«ጸሎቱን አስደርጌያለሁ። ድግስ ግን አልደግስም። ተዝካሩ ደረጃው ነው» አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝና «የተማረች ሴት!» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም እንደተስማሙ ቆጠርኩት። የእኔ ስሕተት ይህ ነው፤ የቀረው የእሳቸው ነው።

ቅዳሜ ጧት ከጉተማ ጋር ሁለት ብሩሽና አንድ ባልዲ ይዘን ደረስን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አጥሩ ጋ ሳልደርስ ሽንኩርት ሲቁላላ ሸተተኝ፤ ቁሌቱ በተልባ ዘይት ነበር። ከኑግ ዘይት ሽታ ጋር አይምታታም። ግቢው ውስጥ በትልቅ ሸራ ዳስ ተጥሏል። ከሸራው ሥር ካህናትና ጎረቤት ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ ኖሮ ፋኖሶቹ ከየምሰሶው ላይ ገና አልወረዱም።

አንዲት ጎረቤት እየሮጠች መጥታ ሳመችኝ። «ተባረኪ በለጡ! በጾም ይህን የመሰለ ዘይት! ዝክሩን ይቀበልልሽ።»

በእሷ አልፈርድም። የሰኔ ጾም ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ ቅቤ የለም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ለዓመቱ ሁለት ቆርቆሮ ዘይትና አንድ ቆርቆሮ ላምባ ወደ ባሏ ወገኖች ስታመጣ ያየ ሁሉ፣ ዘይቱ ለወጡ ላምባውም ለፋኖሱ ነው ይላል። በዚያ ግቢ ሌላ መሆኑን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እሳቸው ኩታቸውን አጣፍተው ከካህናቱ አጠገብ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ዘይቱ የታለ?»

«እሱማ ሥራ ላይ ውሏል። ግቢ፣ መስቀል ተሳለሚ።»

«ለደረጃው መሆኑን ነግሬዎታለሁ።»

«ድንጋይ ዘይት ይበላል እንዴ?» ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ሰው በጾም አንጀቱ ደርቆ እሷ ሲሚንቶ ልታጠጣ! አትፍረዱባት፣ ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ አገሩ ሁሉ ቤተ ሙከራ ይመስላታል።»

ሳቁ። ጉተማ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እንዲህ እንዲሆን ያዘዘው እኮ ራሱ አካሉ ነው።»

«አንተ ስትጠየቅ ተናገር!»

ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ። የሚዋሽ ሰው ዝም ሲሉት የሚቀጥለውን ራሱ ያወጣዋል። ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው።

«ደግሞስ ምን ጎደለብሽ?» አሉ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «በአንቺ ስም ነው የወጣው። ‹ሚስቱ በለጡ አወጣችለት› ተብሎ ነው የተጸለየው። ክብሩ ያንቺ።»

አላደርገውም ያልኩትን በስሜ አድርገው፣ አደርገዋለሁ ያልኩትን የአካሉን ነገር በወጥ ድስት ጨርሰው፣ አመስግኚኝ ማለታቸው ነው። ብሩሹን ለጉተማ ሰጥቼ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ።

ማድ ቤቱ ውስጥ ካሉት ሴቶች አንዷ ጂቱ ናት፤ ለእርዳታ ተጠርታ ነው። አንደኛው ቆርቆሮ ባዶውን ተጋድሟል። ሁለተኛው ከግማሽ በላይ አለው።

«ይህን እወስደዋለሁ» አልኩ።

«የደረጃው ነው እንዴ?» ጂቱ ማማሰያዋን ጣለች። «ወይኔ እትዬ! እኔ እኮ ከሌሊት ጀምሮ ድስት ውስጥ ስገለብጠው ነው ያደርኩት!»

የወጥ ቤቱ አለቃ ሴትዮ ቆርቆሮው ፊት ቆመች። «ተባርኳል። የተዝካር ነገር ከወጣ አይመለስም።»

ጂቱ አንጓው የጎበጠውን እጇን አፍንጫዋ ሥር ዘረጋችላት። «ይሄንንስ ማን ባረከው? ዞር በይ!» ቆርቆሮውን በነጠላዋ ጠፍራ እንደ እንጨት ሸክም ጀርባዋ ላይ አዘለችው። ጎንበስ ብላ በዳሱ መሐል፣ በካህናቱ ፊት ለፊት አለፈች። የሳቀ አልነበረም።

ከላምባው ቆርቆሮ የቀረው ከሥር ያለው ብቻ ነው፤ ፋኖስ ከሞሉ በኋላ የተረፈውን እርጥብ እንጨት ለማቀጣጠል ደፍተውታል። ዘይቱ ደግሞ ላምባ ካላቀጠነው ሲሚንቶው ውስጥ አይሰርግም። ጉተማ በየምሰሶው እየዞረ ፋኖሶቹን አወረደና ሆዳቸውን እየከፈተ ባልዲው ውስጥ ገለበጣቸው።

«ኧረ የአንዱን እንኳ ተውልን!» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ቀን ነው፣ አባቴ። ጉርሻው አይጠፋዎትም» አለው ጉተማ።

የዳገቱ ራስ ላይ ውርጩ ይበረታልና ከላይ ጀመርን። ጂቱ ስትጠርግ፣ ጉተማ ሲቀባ፣ እኔ ጠርዝ ጠርዙን ስከተል ዋልን። ሲሚንቶው ደርቆ ስለ ነበር ይጠጣ ነበር፤ ዘይቱ እንደነካው ይጠቁርና ወዲያው ይሰርጋል። ጉልበቴ ተላጠ። ከታች የካህናቱ ድምፅ ይሰማል። «አካሉ» ሲሉ አንድ ጊዜ ሰማሁ፤ ቀና አላልኩም።

ሃያ አንደኛው እርከን ላይ ባልዲው ነጠፈ። የታችኞቹ አሥራ ሦስት ቀሩ። ለሁለተኛው ዙር የሚሆን ጭራሹን አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከየረር በኩል ደመና ተነሣ፤ ነፋሱ የዝናብ ሽታ አመጣ።

«ዛሬና ነገ ካልነካው ይይዛል» አለ ጉተማ። «አሁን ከወረደበት ግን ታጥቦ ይሄዳል።»

ወደ ግቢው ወረድኩ። ዳሱ ሥር ገና ጠላ እየተቀዳ ነው። የመጀመሪያውን ካስማ ገመድ ፈታሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ሸራው ለደረጃው ይፈለጋል።»

«ካህናት ተቀምጠዋል!»

«በረንዳው ሰፊ ነው።»

ሁለተኛውን ፈታሁ። ጂቱ በወዲያኛው ጎን ሦስተኛውን ፈታች። ከካህናቱ ሁሉ የሚያረጁት መምሬ ፀሐዬ ሸራው ራሳቸው ላይ ሲረግብ ሰሃናቸውን ብድግ አደረጉ። «ልጆች፣ ከመሸፈናችን በፊት እንነሣ!» አሉና ቀድመው ወደ በረንዳው ሄዱ። ሰው ተከተላቸው። ሸራውን ሦስታችን እየጎተትን አወጣነው፤ የቀባነውን ሁሉ ሸፈንንና ግራና ቀኙን በድንጋይ መጫን ጀመርን። ጠብታው ወረደ።

ጋሼ ወልደ ሐዋርያት ከኋላችን ደረጃውን እየሮጡ ወጡ፤ ኩታቸው ተፈትቷል። «ወንድሜን አዋረድሽው!» ይላሉ። «በዓመቱ፣ በሰው ፊት!» የሸራውን ጫፍ ያዙና ገልበው ጎተቱት።

ቁልቁል አየሁ። ከታች አሥራ አራተኛው እርከን ላይ፣ መጨረሻ የቀባነው ላይ፣ በቀኝ ጫማቸው ቆመዋል።

«ጋሼ» አልኳቸው፤ ድምፄን አላነሣሁም። «የወንድምዎን ሥራ ረግጠውታል። ይውረዱ።»

እግራቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። በረንዳ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ይመለከት ነበር። ሸራውን ለቀቁና ወረዱ፤ በረዶው መጣ። ጉተማ ጫፉን መልሶ ድንጋይ ጫነበት።

ሸራው ሁለት ቀን እዚያው ቆየ። የሸራው ባለቤት ኪራዩን የጠየቀው ጋሼን ነው፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ እኔን ምንም ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም አልሄድኩባቸውም።

በጥር ደረጃውን ወጣሁ። ሃያ አንዱ እርከን ደኅና ነው። ከሥር ያሉት አሥራ ሦስቱ ዳግም ተላጥተዋል፤ መስከረም ላይ አዲስ ዘይት ብናመጣም እስኪደርቁ ድረስ ውርጩ ቀድሞን ነበር። ዘንድሮ ይጠገናሉ። አሥራ አራተኛው እርከን ላይ ዘይቱን ጫማ ያነሣበት ቦታ አለ። እዚያ ብቻ የሲሚንቶው ፊት ተነሥቷል፤ ተረከዙና ጣቱ በደንብ ይታያል።

«ይሄንን ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ባደርግበት ይጠፋል» አለ ጉተማ።

«ጠርዙ ላይ አይደለም፤ ሰው አይጥልም» አልኩት። «ተወው።»