የቀጭን ወገብ ሻይ

ሩዩን በታይናን ከተማ፣ ቦዩ ዳር ባለችው የቁርስ ቤቷ ውስጥ የዕንቁላል ቂጣ እየጋገረች ያሳደገቻት አንዲት ልጅ ነበረቻት። ፔይጁን ትባላለች። ሞላ ያለች፣ ጉንጯ የቀላ፣ ስትስቅ ከመንገዱ ማዶ የምትሰማ ልጅ ናት።

እናትየው ልጇን ትወዳታለች። አፏ ግን አያርፍም።

«ክንድሽ እኮ የአሳማ ወርች አከለ!» ትላታለች ደንበኛ ፊት። «የሙሽራ ልብሱ ውስጥ በምን ገፍተን ነው የምንከትሽ?»

ደንበኞቹ ይስቃሉ። ፔይጁንም አብራ ትስቃለች። ሰርጓ እየቀረበ ሲመጣ ሳቋ አጠረ፤ ሩዩን ግን ልብ አላለችውም።

ለሰርጉ ሦስት ወር ሲቀረው እትዬ ቹንላን መጣች። በሰፈሩ ቤተ መቅደስ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት፤ ቃሏ የሚሰማ፣ የማታውቀው ቤት የሌለ ሴት። የሙሽራዋን ነገር ሰምታ ቡናማ የሻይ ከረጢቶች የሞሉበት ሣጥን ይዛ ነበር።

«የሎተስ ቅጠል ነው፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አያቶቻችን የሚያውቁት ሥር» አለች። «መድኃኒት እኮ አይደለም፣ እህቴ። ቅጠል ሰው ሲገድል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሩዩን ገዛች። ጠዋት ጠዋት በገዛ እጇ እየቀዳች፣ እስክትጨርሰው ከፊቷ ቆማ አጠጣቻት።

ሻዩ ሠራ። ፔይጁን ምግብ አስጠላት። ቀኑን ሙሉ መጸዳጃ ቤት ስትመላለስ ትውላለች፤ ከንፈሯ ደረቀ፣ ቀበቶዋ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ቂጣ እያገላበጠች ሳለ ቆም አለችና ደረቷን ያዘች።

«እማ፣ ልቤ ከውኃ እንደወጣ ዓሣ ይፈራገጣል።»

ሩዩን ደንግጣ ለቹንላን ደወለች።

«መርዙ እየወጣላት ነው፣ ምን ያስደነግጥሻል?» አለቻት ቹንላን። «እንዲያውም ከረጢቱን ሁለት አድርጊላት።»

ሁለት አደረገችላት።

ልብሱን ለመለካት የሄዱ ቀን ዚፑ እስከ ላይ ሽቅብ ሮጠ። ልብስ ሰፊዋ አጨበጨበች። ሩዩን በደስታ አለቀሰች፤ እንባዋን እየጠረገች ሳለ ፔይጁን እመስታወቱ ሥር ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ወጣት ሐኪም ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ጠየቀች።

«ምንም። ሻይ ብቻ ነው የምትጠጣው» አለች ሩዩን።

«የምን ሻይ?»

ከረጢቶቹ ተመረመሩ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ሩዩንን አስቀምጣ ነገረቻት። ቅጠሉ መሃል የተፈጨ መድኃኒት ነበረበት፤ ምግብ የሚያስጠላ፣ ልብ ስለሚጎዳ ከተከለከለ ብዙ ዓመት የሆነው። ከእሱ ጋር ደግሞ አንጀት የሚያጣድፍ ቅጠል ነበር፤ ያ የልጅቱን የሰውነት ጨው ጠርጎ አወጣው።

«ልቧ ሁለት ጊዜ ቆሞብን ነበር» አለች ሐኪሟ። «መልሰነዋል። ግን እንደ ድሮው አይሆንም።»

«ቅጠል ነው ብላኝ እኮ ነው...»

«ቅጠሉም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ እናቴ። ብቻውንም ይጎዳል።»

ፔይጁን ዓይኗን ስትገልጥ ሩዩን እጇን ይዛ ይቅርታ ለመነቻት። 

«ሻዩን ይቅር እልሻለሁ» አለች ልጅቱ። «ልብሱ ሲገባልኝ ያለቀስሽውን ግን እንጃ። እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም።»

ሩዩን ከዚያ ክፍል የወጣችው ደሟ ፈልቶ ነው፤ በማን ላይ እንደፈላ ለራሷም አልለየላትም። የተረፉትን ከረጢቶች በፌስታል ይዛ በቀጥታ ወደ ቤተ መቅደሱ ሄደች። ቹንላን ድምፅ ማጉያ ይዛ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ከበዋት፣ ሣጥኖቿን ደርድራ ታስረዳ ነበር።

«የልጄ ልብ ቆሞ ነበር!» አለች ሩዩን ገና ከበሩ። «በዚህ ሻይ!»

 ቹንላን ፊቷን አላጠቆረችም።

«እህቴ፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን ልጅሽ ድሮም ሰውነቷ ደካማ ነው። እዚህ ያሉት ሁሉ ጠጥተው ምን ሆኑ?»

«የአንቺ ልጅ ትጠጣለች?»

«የእኔማ ቀጭን ናት፣ ምን ይሠራላታል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ የለመዱት ሳቅ ነው፤ ቁርስ ቤቷ ውስጥ ሩዩን ራሷ ስታስቃቸው የኖረችው።  ድምፅ ማጉያውን ከቹንላን እጅ መንጭቃ ሐኪሟ ያለቻትን አንድ በአንድ ተናገረች፤ መድኃኒቱን፣ የቆመውን ልብ፣ «ሁለት አድርጊላት» የተባለችውን ጭምር።

«ያጠጣኋት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «በዚህ እጄ! አሁንስ ሳቁ!»

ማንም አልሳቀም። አራት አምስት ሴቶች ከረጢታቸውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወጡ። የቀሩት ግን አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

ሩዩን ደጅ ወጥታ ጥቂት እንደተራመደች ልብስ ሰፊዋ ሚስ ጓን እየሮጠች ደረሰችባት። ፔይጁን ስትወድቅ በዓይኗ ያየች ሴት ናት።

«ሩዩን፣ ያንን የተረፈውን... ካልፈለግሽው ለእኔ ስጪኝ። እኔ እኮ ልቤ ደኅና ነው። ግማሽ ግማሹን ነው የምጠጣው።»

ሩዩን ፌስታሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አፍጥጣ አየቻት። ልትሰድባት አፏን ከፈተች፤ ስድቡ አልወጣ አለ። ሴትዮዋን «ዳሌሽ በር አይበቃውም» እያለች ዓመታት የቀለደችባት እሷው ናት።

«አልሰጥሽም» አለች። «ዳሌሽ ምንም አልሆነም። የተናገርኩሽን ሁሉ እርሺው።»

ፌስታሉን ለከተማው ጤና ቢሮ አስረከበች። ሣጥኖቹ ተወረሱ፣ ቹንላን ተቀጣች፣ ከማኅበሩ ሰብሳቢነት ግን አልወረደችም። ከሴቶቹም ግማሾቹ ቁርስ ቤቱን መርገጥ ተዉ። ፔይጁን በመኸር አገባች፤ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቀመጣለች፣ ባሏም አብሯት ይቀመጣል። እናቷ ጋ በሳምንት አንዴ ትመጣለች፤ ብዙ አትቆይም።

ዓመት ሳይሞላ ያው ሻይ በአረንጓዴ ከረጢት፣ በሌላ ስም፣ በስልክ መሸጥ ጀመረ። ሩዩን አንድ ሣጥን አስመጣችና ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ጤና ቢሮው ሄደች።

«ዛሬም እርስዎ ነዎት?» አለ ሠራተኛው።

«ዛሬም እኔ ነኝ» አለች ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ እየጣለች። «ይመዝግቡት።»