ሠንጠረዥ ሦስት

አቶ አለምሰገድ ቀይ እስክሪብቶአቸውን አነሱና በጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካሉት ሁለት ስሞች «ዳልጮ ባፈና» የሚለውን ሰረዙት። ከ«ልክነሽ ሀብተጊዮርጊስ» በላይ ደግሞ የራሳቸውን ስም ጻፉ።

«ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ወረቀት በኃላፊ ስም ነው የሚወጣው። ይህን ለአንቺ እኔ ልንገርሽ፣ ልክነሽ?»

ለክፋት አልነበረም፤ እውነት መስሏቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሲፈርሙ የኖሩ ሰው፣ አዲስ አበባ ላለው የሳይንስ መጽሔት የሚላከውን ጥናትም ከደብዳቤ ለይተው አላዩትም። ልክነሽ ግን ደሟ ፈላ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጫሞ ዳር ጭቃ እየረገጠች የቆሮሶ ዓሣ ስትለካ፣ እሳቸው ሐይቁን የሚያውቁት በቢሮው ግድግዳ ካርታ ላይ ነበር። አሁን ደግሞ ወር ሙሉ በቢሮው ብቸኛ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ ጽሑፉን በመጽሔቱ መመሪያ ልክ ስታስተካክል ከርማለች፤ መስመሩን አራርቃ፣ ኅዳጉን ለክታ፣ ሠንጠረዦቹን በየራሳቸው ገጽ አድርጋ፣ በሦስት ቅጂ። መጽሔቱ ጽሑፍ በፖስታ እንዲላክለት የፈቀደበት የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው። ፖስታ ቤቱም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«መመሪያው ስሙ የሰፈረ ሁሉ ስለ ሥራው ሲጠየቅ መልስ ይስጥ ይላል» አለች። «ሠንጠረዥ ሦስት እንዴት እንደተሠራ ይንገሩኝና ስምዎን አስቀድማለሁ።»

አቶ አለምሰገድ ገጹን ገለጡት። ትንሽ አዩትና መልሰው ከደኑት።

«ዓሣ አጥማጅ ነው መልስ የሚሰጠው?»

«የሠሩት እሳቸው ናቸዋ።»

እውነቷን ነው። ልክነሽ ወልዳ አራት ወር ስትተኛ፣ ጋሽ ዳልጮ ፊደል ባይቆጥሩም ልኬቱ እንዲቋረጥ አልፈቀዱም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያጠመዱትን እያንዳንዱን ዓሣ ከቀርከሃ ስንጥር ጎን ያጋድሙና ስንጥሩን በዓሣው ርዝመት ልክ ቆርጠው የቀኑን አንድ ላይ ያስሩት ነበር። ስትመለስ ሠላሳ አራት እስር ጠበቃት። ሠንጠረዥ ሦስት እነዚያን ስንጥሮች አንድ በአንድ ለክታ ያወጣችው ነው። እሱ ባይኖር ዓሣው ከዓመት ዓመት እያነሰ መምጣቱን ማንም አያምናትም ነበር።

ኃላፊው ድምፃቸውን አለሰለሱ። «እሺ፣ የእኔ ስም መጨረሻ ላይ ይሁን። የሰውዬው ግን ይውጣ፤ ይስቁብናል። እምቢ ካልሽ ማኅተም አላደርግም። ምዕራብ ዓባያም ባለሙያ ይፈልጋል።»

ፈራች። ልጇ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ባሏ የሚያስተምረው እዚሁ ከተማ ነው። የአንድ ሰው ስም ማውጣት ምን ያህል ቀላል እንደሆነም ታውቃለች፤ ጋሽ ዳልጮ ራሳቸው ቅር አይላቸውም። እሷን ያናደዳት ግን ይኸው ቀላልነቱ ነበር።

«የዝውውሩን ደብዳቤ ያጽፉት» አለችና ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

ሲቀላ ገበያ ዓሣ ሲሸጡ ያገኘቻቸውን ጋሽ ዳልጮን ይዛ ታይፕ መቺዋ ማሚቱ ቤት ገባች። ማሚቱ በቀይ የተሰረዘውን የመጀመሪያ ገጽ በታይፕ እንደ አዲስ መታችው።

«የኮምፒውተሩ ፊደልና የእኔ አይገጥምም። ያስታውቃል» አለች ማሚቱ።

«ያስታውቅ።»

ጋሽ ዳልጮ መጽሔቱ ከጸሐፊዎቹ የሚጠይቀውን የስምምነት ወረቀት በሩቁ አዩት። «ስም ለኔ ምን ያደርጋል? እኔ ዓሣ ነው የምሸጠው።»

«ለእርስዎ ምንም አያደርግም፣ ጋሽ ዳልጮ። እኔን ግን ሌባ ከመሆን ያድነኛል።»

ሽማግሌው ሳቁ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑና ከፊርማዋ አጠገብ አተሙ። «እንግዲያው ሌባ አትሁኚ። ከጠየቁሽ ወደ እኔ ላኪያቸው፤ ቀርከሃው አለ።»

ፖስታ ቤት ስትደርስ ለአሥራ አንድ አሥር ደቂቃ ይቀራል። ሠራተኛዋ ትልቁን ፖስታ ገልበጥ አድርጋ ማኅተም ፈለገች።

«የመሥሪያ ቤት ነው?»

«የግል ነው» አለች ልክነሽ። ላኪ በሚለው ቦታ ላይ ሁለቱን ስሞች አከታትላ ጻፈች።

«እዚህ ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው» አለቻት ሠራተኛዋ።

«ሁለት ነን» አለች ልክነሽ፤ እስክሪብቶውንም መለሰችላት።