የሌላ ሰው ድካም

ሁለት ፀሐይ በሚወጣበት በዚያ ዓለም የሚኖሩ ሰዎች ቤታቸውም ሥራቸውም ከእኛ ብዙ አይለይም። የሚለዩት በመዳፋቸው ነው። መዳፋቸው መሀል ላይ ለስላሳ ክብ ቦታ አለ። ሁለት ሰዎች እሱን ገጥመው ጥቂት ከቆዩ፣ የበለጠ ከደከመው ወዳልደከመው ድካም ይፈሳል፤ እኩል እስኪሆኑ ድረስ። ስለዚህ እዚያ “እወድሻለሁ” የሚባል ነገር የለም። የወደደ ሰው “ድካምሽን አካፍዪኝ” ነው የሚለው። የተጋቡ ሁሉ ትልቋ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ራት ከመቅረቡ በፊት፣ መዳፍ ይገጥማሉ። ከትዳር ውጪ መዳፍ መስጠት ነውር ነው።

ባለካውያዋና ጣሪያ ሠሪው ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እሷ አንድ ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች። እሱ ቆርቆሮ ሲመታ ይውላል። የባሏን ድካም ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ትከሻ ላይ የሚከብድ፣ ጉልበት የሚቆረጥም፣ ግን እንቅልፍ የሚያመጣ፣ ደህና ድካም ነው።

ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን ከመዳፉ ሌላ ነገር ይመጣባት ጀመር። ብዙ የተኛ ሰው የጀርባ ሕመም። ሦስት እርምጃ ሳይራመዱ የሚያጥር ትንፋሽ። ራቷን ሳትጨርስ ማንኪያዋን ታስቀምጣለች። እርጅና መጣ መሰለኝ ብላ ዋጥ አደረገችው።

አንድ ቀን ካውያው አንሶላው ላይ እንዳለ ፈዛ ቀረች። ጭሱን ያየችው አጠገቧ የምታጥፈው ትልቋ ሴትዮ ናት።

“አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?”

“ደክሞኝ ነው፣ እትዬ።”

ሴትዮዋ የተቃጠለውን አንሶላ ጠቅልላ ከጠረጴዛው ሥር አስገባችው። “የማን ድካም ነው?” አለች፣ ቀና ሳትል።

ባለካውያዋ የዚያን ቀን ማታ ቤት ገብታ ባሏን ጠበቀችው። መጥቶ እጁን ታጥቦ መዳፉን ሲዘረጋላት እጇን አልሰጠችውም።

“ይሄ የጣሪያ ድካም አይደለም” አለችው። “የማን ነው?”

ፊቱ ጠቆረ። ፎጣውን አንዴ አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ እንደገና አጠፈው። ከእሷ በፊት ከአንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ጋር ሁለት ዓመት መዳፍ ገጥሞ ነበር፤ ያንን አውቃ ነው ያገባችው።

“ጸሐፊዋ ታማለች” አለ። “ሰው የላትም። ከሥራ ስወጣ በእሷ በኩል አልፋለሁ።”

“መዳፍ ትሰጣታለህ?”

“እሰጣታለሁ።”

በእነሱ ዘንድ ከዚህ በላይ የሚጠየቅ የለም። እሷ ግን ጠየቀች።

“ወደ እኔ እንደሚመጣስ አታውቅም ነበር?”

“እኔ ላይ የሚቀር መስሎኝ…” ብሎ ጀመረና ተወው። “አውቅ ነበር” አለ።

ዘጠኝ ቀን መዳፍ ሳይገጥሙ ቆዩ። እሱ ጸሐፊዋ ጋ መሄዱን አላቋረጠም፤ የሚያወርድበት ግን አጣ። በዘጠነኛው ቀን መሰላል ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ሲንገዳገድ አለቃው አይቶ ወደ ቤት ሰደደው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን መፍታት አቅቶት ስታየው ጎንበስ ብላ ፈታችለት፤ እጇን ግን አልሰጠችውም።

በእረፍት ቀኗ የጸሐፊዋን አድራሻ ተቀብላው ሄደች። አራተኛ ፎቅ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ከአልጋው ጋር የተጠጋ አንድ ወንበር። ጸሐፊዋ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ትራሱ ላይ ተንጋላለች።

“ሚስቱ ነሽ” አለች።

“ነኝ።”

“ልትሰድቢኝ ከሆነ የመጣሽው ተቀመጪ። ቆሞ መሳደብ ያደክማል።”

ባለካውያዋ ሳትፈልግ ሳቀች፣ ተቀመጠችም። መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳ የመጣችው ስድብ ግን አፏ ላይ አልመጣ አላት።

“ሚስትህ ታውቃለች ወይ ብዬው ነበር” አለች ጸሐፊዋ። “ታውቃለች አለኝ።”

“ዋሽቶሻል።”

“ገብቶኝ ነበር፣ እህቴ። ግን ከሰጠኝ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ሰው እሆናለሁ። ተቀምጬ ሾርባ እጠጣለሁ። እንዴት ብዬ አትምጣ ልበለው?”

ይሄን ተናግራ ወደ ውሃው ብርጭቆ እጇን ሰደደች። እጇ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ባለካውያዋ ብርጭቆውን አንስታ አጠጣቻት። የዚያን ጀርባ ሕመም፣ የዚያን ትንፋሽ ማጠር ዓመት ሙሉ በገዛ ገላዋ ስታውቀው ኖራለች። የእናቷን ልጅ እንኳ ይህን ያህል አታውቃትም። እጇን ዘረጋች። “አካፍዪኝ” አላለችም፤ ዝም ብላ ነው የዘረጋችው። ጸሐፊዋ አየቻትና መዳፏን ገጠመች።

ስትመለስ በየፎቁ ደረጃው ላይ እየተቀመጠች ነው የወረደችው። ቤት ስትደርስ ባሏ ድስት እያማሰለ ነበር።

“ዛሬ እኔ ሄጄ ነበር” አለችው። “አንተ አትሂድ።”

ማማሰያውን እንደያዘ ቆመ።

“ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ነግረኸኝ ነው። ቀኑንም እንከፋፈላለን።”

“እሺ።”

“ይቅር አላልኩህም።”

“እሺ” አለ አሁንም።

አርባ ስድስት ቀን እየተፈራረቁ ሄዱ። ሰፈሩ ሰምቶ አማቸው፣ እህቷም አንድ ሁለቴ መጥታ ተቆጣቻት። ባለካውያዋ ለመከራከር አቅሙ አልነበራትም፤ “ልክ ነሽ” እያለች ትሸኛታለች። ጸሐፊዋ የሞተችው በባልየው ተራ፣ ትንሿ ፀሐይ ብቻዋን በቀረችበት ሰዓት ነው። ሲቀብሯት ከእነሱ ሌላ ሁለት አስተማሪዎችና የአከራይዋ ልጅ ነበሩ።

ከቀብሩ መልስ ባልና ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሐኪም ቤት ያነጋገሯት ነርስ የቀረው ድካም ቀስ እያለ ይወጣል፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል ብላቸዋለች።

“ባልጠይቅህ ኖሮ ትነግረኝ ነበር?” አለችው።

“አይመስለኝም” አለ።

እሷ የእሱን አንገት፣ ፀሐይ የጠበሰውን አንገቱን እያየች ቆየች። ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሰዓት ሻንጣዋን ታወርድ እንደነበር ታውቃለች። ተነስታ ራት አቀረበች፤ እሱም ተነስቶ ሳህኖቹን ደረደረ።

አሁንም አብረው ናቸው። አንዳንድ ቀን መዳፏን ትሰጠዋለች፣ አንዳንድ ቀን ትከለክለዋለች። ስትከለክለው ለምን ብሎ አይጠይቃትም፤ የየራሳቸውን ድካም ይዘው ይተኛሉ።