የእህቴ ልጅ አልበምና የእኔ ጆሮ

የዓመቱን ምርጥ አልበም ከመረጥኩ በኋላ አልበሙ ጠፋብኝ። ስልኬ ውስጥ አለ፤ ከዘፈኖቹም አንድ አልጎደለም። የጠፋው ጥሩነቱ ነው። ሰው ቁልፍ ይጠፋበታል፣ ጃንጥላ ይጠፋበታል፤ የአልበም ጥሩነት ጠፋበት ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ለማን አቤት እንደሚባልም አላውቅ።

ከመጀመሪያው ላስረዳ። የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ ወረቀት ቆራጭ ነኝ። ታትሞ የመጣውን የወረቀት ክምር አስተካክዬ ቢላው ሥር አስገባለሁ፣ ሁለት እጄን ሁለቱ ቁልፎች ላይ አደርጋለሁ፣ እቆርጣለሁ። ሥራው እጅና ዓይን እንጂ ጆሮ አይፈልግም። እኔ ደግሞ ሥራ ፈት ጆሮ አልወድም፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ድምፅ ማጉያ አስቀምጬ ቀኑን ሙሉ አልበም እሰማለሁ። አልበም ነው ያልኩት፣ ዘፈን አላልኩም። አንድ ዘፈን መርጦ መስማት ከድስት ውስጥ ሥጋውን ብቻ ለቅሞ መብላት ነው፤ ያላሳደጉት ሰው ሥራ ነው። እኔ የምሰማው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዘፋኙ በደረደረው ቅደም ተከተል ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ የሰማኋቸውን አማርጬ ደረጃ አወጣለሁ። በዚህ የተነሣ ቤተሰቡም ሠራተኛውም «ዳኛው» ይለኛል። ሲጀመር ለሹፈት ነበር፤ እያደር የምር ሆነ። አድልዎ የለብኝም። በሠርጋችን ያስጨፈረን ዘፋኝ ዘንድሮ አልበም ሲያወጣ ባለቤቴ ቢያንስ ሦስተኛ አድርገው ብላ ብትለምነኝ አሻፈረኝ ብያለሁ።

ሦስተኛ ያደረግኩት ድምፁ የሻከረ አንድ ሽማግሌ ያወጣውን «የዝናብ ካፖርት» ነው። ሁለተኛው ጊታር ብቻ ይዞ የሚዘፍን ልጅ «ጫማዬ የት ነው» ብሎ ያወጣው ነው፤ ቀልዱም ለዛውም ደርዝ አለው። አንደኛው የእህቴ ልጅ አልበም ነው፤ «ትርፍ ወንበር» ይባላል።

አውቃለሁ፣ ዳኛ በዘመዱ ጉዳይ አይቀመጥም። እኔም ሲወጣ ፈርቼው ነበር። ታላቅ እህቴ እዚያው እኔ ያለሁበት ክፍል ውስጥ ናት፤ የደብተር ቅጠሎችን መሃላቸው ላይ በሽቦ የሚሰፋው ማሽን የእሷ ነው። ባሏ የሞተው ልጅቷ ገና ስትድህ ነበር። የምትተዋት ሰው ስላልነበራት ይዛት ትመጣ ነበርና ልጅቷ ማሽኑ ሥር፣ የወረቀት ካርቶን ውስጥ አደገች። የካርቶኑን ጠርዝ ይዛ ለመቆም ስትንገዳገድ ሁላችንም ከየማሽናችን «ወፌ ቆመች!» እያልን ስናጨበጭብ ስሟ በዚያው ወፌ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ፋርማሲስት ናት። ነጭ ጋውን ለብሳ መድኃኒት ስታድል ትውላለች፣ ከሥራ መልስ ትዘፍናለች።

አልበሟን የከፈትኩት ለይሉኝታ ነው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ስንኙን ትጀምርና ድንገት ዝም ትላለች። አሁን ትቀጥላለች ስትል አትቀጥልም፤ ልብህ ዝቅ ሲል ያኔ ትገባለች። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ደጋግሜ ሰማሁት፣ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። እህቴንም ከወዲያ ማዶ በእጄ «እንዴት ነው?» ስላት ፈገግ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ወፌን ጠርቼ የዓመቱ አንደኛ መሆኗን ነገርኳት።

«አጎቴ፣ እኔን ደስ ይበላት ብለህ እንዳትዋሽ» አለችኝ።

«ብዋሽማ ሦስተኛ ነበር የማደርግሽ። አንደኛ ለውሸት አይሰጥም።»

«እንግዲያው ፋርማሲውን እለቃለሁ። አልበሙን የቀዳልኝ፣ ስቱዲዮ ያለው ሰውዬ ከከተማ ከተማ እየዞርን እንሥራ ብሎኛል። አንተ ጥሩ ነው ካልክ ሌላ ሰው አልጠይቅም። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ።»

የእናትና የልጅ ኑሮ የቆመው በዚያ ፋርማሲ ነው፤ የእህቴ ደሞዝ ራሷንም በቅጡ አይችል። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ «ልቀቂ» አልኳት። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

እሁድ ዕለት ባለቤቴ «እስቲ ይሄን አንደኛህን አሰማኝ» አለች። ሳሎን ተቀምጠን፣ ጸጥ ባለበት፣ ከፈትኩላት። ሁለተኛው ዘፈን መጣ። ወፌ ጀመረች፣ ዝም አለች። ጠበቅን። ልቤም ዝቅ አላለ፣ ምንም አልሆነ። ዝም ያለችው ረስታ መስሎ ተሰማኝ፤ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ዘግይታ፣ እያለከለከች ገባች።

«ይሄ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ቆይ፣ ማጉያው ነው።»

ማጉያውን ቀየርኩ። በጆሮ ማዳመጫ ሞከርኩ። ስልኬን አጥፍቼ አበራሁት። ጆሮዬን ሳይቀር ታጠብኩ። «ጫማዬ የት ነው»ን ስከፍት እንደ ሁልጊዜው ያስቃል፤ ሽማግሌውም እንደ ሁልጊዜው ያጉረመርማል። የወፌ ብቻ ውሃ የበዛበት ሊጥ ሆኗል።

«ለእህትህ ልጅ አድልተህ ነው» አለችኝ ባለቤቴ። የሠርጋችን ዘፋኝ ነገር እስካሁን ከሆዷ አልወጣም።

ሰኞ ሥራ ስገባ እየፈራሁ ከፈትኩት። እንደ ድሮው ነው! ልቤ ዝቅ አለ፣ ዓይኔ እርጥብ አለ። ተመስገን፣ ጥፋተኛው ሳሎኔ ነው፤ መጋረጃው ድምፁን በልቶታል ብዬ ተጽናናሁ። ረቡዕ ግን እህቴ ጥርሷን ልታስነቅል ቀረችና ረጅሙ የምንለው ሠራተኛ ማሽኗ ላይ ተተካ። ከፈትኩት፤ አልበሙ እዚያው መስኮት ላይ፣ በዚያው ማጉያ ሞተ። መጋረጃ በሌለበት! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ደፈረሰ። እየከፈትኩ፣ እየዘጋሁ፣ ብቻዬን እያወራሁ ዋልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለካ ሠራተኛው ሁሉ «ዳኛውን ምን ነካው?» እየተባባለ ሲንሾካሾክ ነው የዋለው።

ሐሙስ እህቴ ጉንጯ አብጦ መጣች። ሁለተኛው ዘፈን ሲጀምር የምቆርጠውን ትቼ ክፍሉን በዓይኔ ዞርኩ። መስኮቱ ያው ነው፣ ማጉያው ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። ከትናንት የተለየችው እህቴ ብቻ ናት። አየኋት። ደብተሩን ኮርቻ የሚመስለው ብረት ላይ ትጭነዋለች፤ ፔዳሉን ሁለቴ ትረግጣለች፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ከዚያ በግራ እጇ አንሸራታ ታወርደዋለች፣ ሿ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሿ። ረጅሙ ይቸኩላል፣ ይቆማል፣ ያወራል፤ እሷ ግን ሳትፈጥን ሳትዘገይ እንዲሁ ነው ዕድሜዋን ሙሉ የሰፋችው። ወፌ ዝም ስትል ያ ሿ ገባ። ከሿው ላይ ድምጿ ተነሣ።

እህቴ ለማሽኑ ጩኸት ብላ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ትወትፋለች፤ ሄጄ ትከሻዋን ነክቼ ጮህኩባት።

«እቴቴ፣ እስቲ አቁሚ!»

«አንተ ልትሰፋልኝ ነው?»

«ለአፍታ አቁሚ አልኩሽ!»

አቆመች። ዘፈኑ ወደቀ። «ቀጥዪ!» አልኳት፤ ቀጠለች፤ ዘፈኑ ተነሣ። «አቁሚ!» ወደቀ። «ቀጥዪ!»

«ጤነኛ ነህ ወይ?» አለችኝ። ወደ መቁረጫዬ ተመለስኩ።

ሌሊቱን ብቻ አይደለም፣ ቀኑንም ሁሉ የበላኝ ይሄ ነው፦ ታዲያ ዓመቱን ሙሉ የወደድኩት ምንድን ነው? ዘፈኑን ነው ስፌቱን? ስፌቱ ከሆነ ሽማግሌውንም ባለ ጊታሩንም የሰማሁት በዚያው ስፌት ነው፤ እነሱ ሳሎኔም ውስጥ ያው ናቸው። ዘፈኑ ከሆነ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ምነው ጠፋ? ይህን ሁሉ ዓመት ስዳኝ አንድ ቀን እንኳ «አላውቅም» ብዬ አላውቅም። አሁን ልጅቷ በእኔ ቃል እንጀራዋን ልትጥል ነው፤ እኔ ደግሞ ቃሌ ምን እንደሆነ ጠፍቶኛል።

ዓርብ ከሥራ ሰዓት በኋላ ወፌ እናቷን ልትወስድ መጣች። ሌላው ሠራተኛ ወጥቷል። እህቴ ብቻ የቀረቻትን ክምር ትሰፋለች። ወፌን ወደ መስኮቱ ጎትቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳሎኑን፣ ረጅሙን፣ ጠቅ ጠቁን። ምን ያህል እንደተወላገደብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ስለዚህ አልበሜ ጥሩ አይደለም» አለች።

«አላውቅም።»

«ምን ማለት ነው አላውቅም? አንተ?»

«እኔ ነኛ! እዚህ ሲሆን ያስለቅሰኛል፣ ቤቴ ሲሆን ያፋሽከኛል። ምን ልበልሽ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስቱዲዮ ያለው ሰውዬ ሁሌ ይጨቀጭቀኝ ነበር» አለች። «‹እዚህ ጋ ለምንድን ነው የማትገቢው? ምን እየጠበቅሽ ነው?› ይለኛል። ምን እንደምጠብቅ እኔም አላውቅም ነበር። ከበሮ ሲያስገባበት ደግሞ ረበሸኝ፤ ያለ የሌለውን ከበሮ አስወጣሁት። ሌላ ነገር የሚመታ እየመሰለኝ...» ንግግሯን አቋርጣ ወደ ማሽኑ ዞረች። «ግን እማም ወዳዋለች። እማስ ተሳስታለች?»

ሄዳ እናቷ ፊት ቆመች። «እማ! አልበሜን እውነት ወደድሽው?»

እህቴ ማሽኑን አጥፍታ ጥጡን ከጆሮዋ አወጣች። «ምኑን?»

«አልበሜን!»

 ያበጠው የእህቴ ጉንጭ የቀላ መሰለኝ።

«ልጄ፣ ማሽን ላይ ሆኜ ምን ይሰማኛል? አጎትሽ ራሱን ሲነቀንቅ አይቼ ነው ራሴን የምነቀንቀው። እሱ ካለቀሰ መቼም መልካም ነገር ነው ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንቺ ስትነቀንቂ አይቼ ተማምኜ!» አልኩ።

እህቴ ወደ ልጇ ዞራ፣ «ቤት ስለምንሽስ አፍራለሁ እያልሽ መች አሰማሽኝ? የእኔ ስልክ እንደሆነ ከመደወል ሌላ አያውቅም።»

ሦስታችንም ተያየን። የአንድ ዓመት ፍርድ እንዲህ ነው የቆመው፦ እኔ በእህቴ፣ እህቴ በእኔ፣ ልጅቷ በሁለታችን። ወፌ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ የሚል አልነበረም። ስልኳን አውጥታ ከማጉያው ጋር አገናኘችው።

«አሁን ስሚው» አለች። «ማሽኑ ጠፍቷል። እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምም።»

እህቴ ወንበሯ ላይ እንዳለች እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ለእኔ ሳሎኔ ውስጥ የሰማሁት ያው ባዶ ነገር ነው። ሁለተኛው ዘፈን መጣ፤ ወፌ ስንኙን ጀመረችና ዝም አለች። ዓይኔን ከሃፍረት ወደ መሬት ብጥል የእህቴን እግር አየሁ። የጠፋውን ማሽን ፔዳል ሁለቴ ረገጠ። ግራ እጇ ከጭኗ ላይ ተነሥቶ የሌለ ደብተር አንሸራቶ አወረደ። የምታደርገውን አላወቀችውም። ድምፁ ሲመለስ ግን ቀና አለች።

«እዚህ ጋ» አለች፣ «እዚህ ጋ እኮ እኔን እየጠበቅሽ ነው።»

ወፌ እንደ ልጅነቷ እናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ በደስታ ይሁን በሃፍረት ዛሬም አልለየሁትም። ዘፈኑ እላያችን ላይ አለቀ፣ የሚቀጥለው ጀመረ፣ ማንም አልዘጋውም።

«ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አለች ወፌ በመጨረሻ፣ ፊቷን በጋውኗ እጅጌ እየጠረገች። «ለአለቃዬም ምንም አልነግረውም። ሰውዬውን ግን መቅጃውን ይዞ እዚህ ይምጣ እለዋለሁ። እንደ አዲስ ነው የምንቀዳው። እማ፣ አንቺም አለሽበት።»

«እኔ? እኔ መቼ ዘፍኜ አውቃለሁ?»

«አትዘፍኚም። ትሰፊያለሽ።»

እህቴ ልጇን አየች፣ ማሽኑን አየች፣ እኔን አየች። ያበጠ ጉንጯን በመዳፏ ያዘች።

«ባዶ ማሽን ግን አልረግጥም» አለች። «የሚሰፋ ደብተር አምጡልኝ።»