የሃያ ሦስት ደቂቃው ቅጂ

አልማዜ ከአየር ጤና አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለው ሱቋ ባልዲ፣ ጀሪካንና የፕላስቲክ ወንበር ስትሸጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው አታሎኝ አያውቅም ትል ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን ድምፁ ለስለስ ያለ ወጣት ደወለላት። ከባንኩ የካርድ ክፍል ነኝ አለ፤ የካርድዎ ጊዜ ሊያልፍ ስለሆነ እዚሁ በስልክ ላድስልዎ አላት። የጠራት «እናቴ» ብሎ ነው። በካርዱ ፊት ያለውን ረጅም ቁጥርና ከጀርባው ያሉትን ሦስት አኃዞች አነበበችለት። የሚስጥር ቁጥሯን ሲጠይቃት ግን እሱን እንኳን ላንተ ለባሌም አልናገርም አለችው። ልጁ አልተቆጣም። ጨዋታውን ቀየረና ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ይጠይቃት ጀመር።

ሃያ ሦስት ደቂቃ አወሩ። በመሐል የእሷ ስልክ አራት ጊዜ ጢን አለ። ማስታወቂያ ነው፣ ይተዉት አላት፤ ተወችው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መልእክቶቹን ስትከፍት በካርዷ ኢንተርኔት ላይ አራት ጊዜ ዕቃ ተገዝቷል። የወጣው ስልሳ ሦስት ሺህ ብር ነው።

ብሩ የጣሪያ ነበር። የቤታቸው ቆርቆሮ ዝጎ ተበሳስቷል፤ ያለፈውን ክረምት እሷና ባሏ ጥሩነህ አልጋቸውን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲጎትቱ ነው የከረሙት። አሁን ሚያዝያ ገብቷል።

በማግስቱ ከልጇ ከማራናታ ጋር በታክሲ ቤቴል ወዳለው የባንኩ ቅርንጫፍ ሄዱ። እዚያ የደንበኞችን አቤቱታ የሚቀበለው ገብረአምላክ ነው። አልማዜ ስታየው ልቧ መለስ አለ፤ አብረው የሚያመልኩ ሰዎች ናቸው። እሱ የመዘምራኑ መሪ ነው። እሷ ደግሞ አስተናጋጅ ሆና እሑድ እሑድ ከመድረኩ ጎን፣ የድምፅ መሣሪያው አጠገብ ትቆማለች።

ገብረአምላክ ሳያቋርጥ አዳመጣት፤ ካርዱንም ወዲያው አዘጋላት። ከዚያ ደንቡን አስረዳት። የሚስጥር ቁጥሩን ካልሰጠች ባንኩ ተከራክሮ ገንዘቡን ያስመልስላታል፤ ሰጥታ ከሆነ ግን ኪሳራው የራሷ ነው። ችግሩ፣ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አልሰጠሁም ማለቱ ነው።

«ያወራችሁት ቢገኝ ኖሮ» አለ፣ «ነገሩ ያልቅ ነበር።»

ማራናታ ፊቷ በራ። እናቷ በስልክ ትዕዛዝ ተቀብላ ስለምትረሳ፣ ስልኳ ማንኛውንም ጥሪ እንዲቀዳ ያደረገችው እሷ ናት። አለ፣ ሙሉው አለ አለች። አልማዜ በጠረጴዛው ሥር የልጇን ጭን ቆነጠጠች። ገብረአምላክ አሁኑኑ እንስማው ሲላት ባትሪው ሞቷል አለችው፤ ስልኩ እጇ ላይ እያበራ ነበር። ነገ እመጣለሁ ብላ ልጇን እየጎተተች ወጣች።

ታክሲ ውስጥ ማራናታ ወጥራ ያዘቻት። አልማዜ ወደ መስኮቱ ዞራ ቀስ እያለች ተናገረች። ያ ልጅ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ሲጠይቃት ስለ ገብረአምላክ አጫውታዋለች። ሲዘምር ሁልጊዜ ከሙዚቃው እንደሚቀድም፣ ታክሲ ሊያመልጠው የደረሰ ሰው እንደሚመስል። ሽማግሌዎቹ ሊነግሩት ስላፈሩ፣ ድምፅ የሚቆጣጠረው ባሮክ መዝሙር ሲጀመር የእሱን ማይክ ድርግም እንደሚያደርገው። ይህ ከተጀመረ ሁለት ዓመት እንዳለፈው። ለባሮክ በዓይኗ የምትጠቅሰውም እሷ ራሷ እንደሆነች።

ማራናታ እስከ ፌርማታው ድረስ ሳቀች። ከወረዱ በኋላ እንባዋን ጠርጋ ያንን ቦታ ቆርጠን እናውጣዋ አለች፤ ቆረጠችውም።

አልማዜ በነጋታው ብቻዋን ሄዳ የተቆረጠውን ሰጠችው። ገብረአምላክ ከመስማቱ በፊት ርዝመቱን አየ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ይላል፤ እሷ በማመልከቻዋ ሃያ ሦስት ብላ ጽፋለች። አቤቱታውን የሚወስነው የባንኩ ኮሚቴ የጎደለ ቅጂ እንደማይቀበል፣ የሚስጥር ቁጥሩን የሰጠችው በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ነው እንደሚል በትሕትና ነገራት። አልማዜ ሙሉው ካልጠፋ ፈልጌ አያለሁ ብላ ወጣች።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ከሱቅ ሁለት ባልዲ አምጥታ አንዱን አልጋው ራስጌ፣ ሌላውን በሩ ሥር አስቀመጠች። ጥሩነህ የጠብታውን ድምፅ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፣ «ጥሩ ነው፤ ሻጭም ገዢም አንቺው ሆንሽ» አላት።

አርብ ጠዋት ስልኳን ገብረአምላክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ሙሉው ነው። ከመስማትህ በፊት ግን ይቅርታ ልጠይቅህ።»

«ምን አድርገውኝ ነው እትዬ አልማዜ?»

«ስትሰማው ታገኘዋለህ።»

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ፊቱን ትጠብቃለች። በየመሐሉ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ይጽፋል፤ ስልኩ ጢን ባለ ቁጥርም ምልክት ያደርጋል። አንድ ምልክት፤ ሁለተኛ ምልክት። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። አራት ደቂቃ ያህል ምንም አልጻፈም፤ ዓይኑንም ከወረቀቱ አላነሳም። እስከ መጨረሻው ሰምቶ ማዳመጫውን አወለቀና ገመዱን በጥንቃቄ ጠቀለለ።

«እኔ እኮ» አለ፣ «የሌሎቹን ድምፅ እንዳልሸፍን ብዬ ባሮክን ማይኬን ቀንስልኝ ስለው ነው የኖርኩት።»

መልስ አልጠበቀም። ወረቀቱን አዙሮ የጻፈውን አነበበላት፤ ደንበኛዋ የሚስጥር ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ተጠይቀው ሦስቱንም ጊዜ እምቢ ብለዋል ይላል። ማኅተም አደረገበት። ቅጂው ዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚሄድና አምስት የኮሚቴ ሰው እንደሚሰማው ነገራት።

«አምስቱም ሙሉውን?»

«አዎ፣ ሙሉውን። አለዚያ ጣሪያ የለም።»

ገንዘቡ በሃያ ስድስተኛው ቀን ገባ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት አዲሱ ቆርቆሮ ተመታ።

ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ፣ ከዚያች አርብ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ገብረአምላክ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይኩን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ባሮክ እጁን መሣሪያው ላይ አድርጎ እንደ ልማዱ ወደ አልማዜ ተመለከተ። አልማዜ አልጠቀሰችውም፤ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ባሮክ እጁን አነሳ።

ገብረአምላክ እንደ ሁልጊዜው ቀድሞ ጀመረ። ድምፁ አዳራሹን ሞላው፤ ኪቦርዱም ከኋላ ከኋላ ተከተለው። አልማዜ ሙዚቃውን ትታ በእሱ ፍጥነት ታጨበጭብ ጀመር፤ ከኋላዋ ያሉትም ተከተሏት።

ማራናታ ከአጠገቧ ጎንበስ ብላ፣ «እማዬ፣ ቀደምሽ እኮ» አለቻት።

«ዝም ብለሽ አጨብጭቢ» አለች አልማዜ።