የወንዙ ማዶ ጥንዚዛ

ፌንጣ ያሉት እናቱ ናቸው። ገና ዳዴ ሲል አንድ ቦታ አልረጋ ቢላቸው ያወጡለት ስም ነው፤ ጢም አውጥቶ፣ ከከተማ ራቅ ባለ የፍራፍሬ እርሻ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲቀጠርም ስሙ አብሮት ሄደ። የታላቅ እህቱ ሥራ ደግሞ ነፍሳት ነው። በሙዚየሙ ምድር ቤት፣ የናፍታሊን ሽታ በማይለየው ክፍል፣ ጥንዚዛን ከጥንዚዛ ስትለይ ትውላለች።

«እማዬ ፌንጣ ወልዳልሽ አንቺ የሰው ጥንዚዛ ታሳድጃለሽ» ይላት ነበር።

አንድ ጊዜ ለእረፍት ሲመጣ ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። ውስጧ የምስር ፍሬ እንኳ የማታክል ጥንዚዛ አለች፤ ጀርባዋ ቢጫ ሆኖ ሦስት ጥቋቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል።

«ከወንዙ ማዶ ነው ያገኘኋት። ባለቤት የሌላቸው ያረጁ የብርቱካን ዛፎች አሉ። ቅጠሉ ላይ የሚጣበቀውን ነጭ ተባይ ሙልጭ አድርጋ ትበላዋለች፤ እኛ በመድኃኒት ያቃተንን።»

እህት በማጉያ መነጽሯ ደጋግማ አየቻት። በሙዚየሙ መሳቢያዎች ውስጥ እሷን የምትመስል ትዝ አላላትም።

«አዲስ ሳትሆን አትቀርም» አለች ቀስ ብላ። «ግን ሴት ናት። ነጠብጣብ ደግሞ ያታልላል፤ የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንዱ ቢጫ አንዱ ጥቁር ይወጣል። ቁርጡ የሚታወቀው ወንዱ ተከፍቶ የውስጥ ብልቱ ሲታይ ነው።»

«ወንዱን አመጣልሻለሁ። ብቻ ስሟን በእማዬ ታወጪያለሽ።»

እናት ከጓዳ ሰምተው ሳቁ። «ደግሞ ስሜን ለትል!» አሉ። በማግስቱ ግን ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም።

ፌንጣ ክረምቱ ሲገባ ወንዙን ተሻገረ። ማዶውን ደርሶ ሲመለስ ደራሽ ውኃ መጣበት። ወንዙ ሰፋ ከሚልበት፣ ከታች፣ ዓሣ አጥማጆች አገኙት። የሸሚዙ ኪስ እንደተቆለፈ ነበር፤ ወንዶቹን ጥንዚዛዎች የያዘው ብልቃጥም ክዳኑ ጠብቆ ጠብታ ውኃ አላስገባም።

እህት ብልቃጡን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ቆለፈችበት። ከለቅሶው በኋላ ሥራ ስትገባ በዚያ መሳቢያ በኩል ማለፍ እንኳ ይከብዳት ጀመር። ወንዱ ሳይታይ አይሆንም ያለችው እሷ ናት። እናቷ ግን «አንቺ ነሽ የላክሽው» የሚል ቃል አልወጣቸውም። የሚሉት ሌላ ነበር።

«ያቺ የልጄ ጥንዚዛ ምን ደረሰች?»

«ገና ነኝ፣ እማዬ።»

«የኔ ስም ይቅር። እኔ አለሁ። በሱ ይሁን።»

ይሄ ነው መሳቢያውን ያስከፈታት። ከወንዶቹ አንዱን በሚያለሰልስ ፈሳሽ ዘፈዘፈች፤ በቀጭን መርፌ ሆዱን ከፍታ፣ ብልቱን አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው። እንደ ማጭድ የተቆለመመ፣ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ። ይህን ቅርጽ ታውቀዋለች። አንድ የሩቅ አገር ተመራማሪ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ከሌላ ምድር ላገኛት ጥቁር ጥንዚዛ በሣለው ሥዕል ላይ አይታዋለች። የቀሩትንም ከፈተች። ሁሉም ያው ናቸው። ቢጫ ለብሳ መጣች እንጂ ያችው ናት።

የክፍሉ ኃላፊ መጥቶ አየ። ለቅሶ ቤት አብሯት ያደረ ሰው ነው።

«ቀለሟ የተለየ ነው» አላት። «አዲስ ናት ብለሽ ጻፊ። በዓለም ላይ እነዚህን የሚያውቁ ሰዎች ቢሰበሰቡ አንድ ታክሲ አይሞሉም። ማን ያጣራል?»

«እኔ አጣርቻለሁ» አለችው።

አልፈተናትም ማለት ውሸት ነው። የወንድሟን ስም ከጥንዚዛዋ ጋር አጣምራ በልቧ ስታነበው ሰነበተች። ግን ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ሌላ ሰው እንደሷ ወንዱን ይከፍትና ያንን ስም ይሰርዘዋል። ወንድሟን ሁለት ጊዜ መቅበር አልፈለገችም።

እናቷን ልብስ ሲያጥፉ አገኘቻቸው።

«እማዬ፣ አዲስ አይደለችም። ድሮ ስም ወጥቶላታል።»

«ተሳስተሽ እንዳይሆን።»

«ደጋግሜ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ልጄ ያገኘው ነገር የለም?»

«እዚህ አገር መኖሯን ማንም አያውቅም ነበር። ያሳወቀው እሱ ነው።» እውነቷን ነው፤ ከአፏ ሲወጣ ግን ለራሷም ሚዛን የማይደፋ ወሬ ሆነባት።

እናት ያጠፉትን አንሶላ ፈትተው እንደገና አጠፉት። «ለሰው ምን እላለሁ?» አሉና መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

ከዚያ ወዲያ በቤቱ ወሬ ጠፋ። «በላሽ?» «በላሁ።» «አመሸሽ።» «ሥራ በዝቶ ነው።» ሌላ ነገር የለም። እህት በዚህ መሃል ስለ ቢጫዋ ጥንዚዛ ጽፋ ጨረሰች፤ ብርቱካኑን፣ ነጩን ተባይ፣ ወንዙን፣ ያገኛትንም ሰው።

አንድ ጠዋት እናት ነጠላ ጫማቸውን ትተው የሰው ቦታ ሲሄዱ የሚያደርጉትን ጫማ አደረጉ።

«ውሰጂኝና ልያት» አሉ።

የምድር ቤቱን ደረጃ ክንዳቸውን ይዛ አወረደቻቸው። ወንበሩን ዝቅ፣ መብራቱን ደመቅ አደረገችላቸው። እናት ዓይናቸው እስኪለምደው ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ አንዴ ካገኟት በኋላ ቀና አላሉም።

«እቺን ብሎ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

እህት የሚመጣውን ቃል ጠበቀች። እናት ግን ጎንበስ እንዳሉ እጃቸውን ወደ ጎን ሰደው የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙ። እንባቸው ማይክሮስኮፑ ላይ ሲንጠባጠብ ማንም አልጠረገውም።

«ታምራለች» አሉ ቆይተው።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ የጎረቤት ሴት በር ላይ አገኘቻቸው። ስለ ጥንዚዛዋ ጠየቀች፤ ነገሩን አልሰማችም።

«ስም የሚያወጣላት ሰው ቀድሞ ተገኝቷል» አሉ እናት። «ልጄ ግን ከወንዙ ማዶ አምጥቷታል።»

ይህን ብለው፣ የልጃቸውን ክንድ እንደያዙ ወደ ቤት ገቡ።