ወደ ኋላ የሚያድገው ደምሌ

ደምሌ ጅብ እንደ አህያ ጭኖ ከወገዳ መካነ ኢየሱስ ድረስ ገብስ አድርሻለሁ ብሎ የሚምል ሰው ነው። ስለዚህ «ልቤ ላይ የተጣፈ ቀዳዳ አለ» ሲል ከአገሩ ከስማዳ ሰው የሚያምነው ጠፋ። ይህቺኛዋ ግን እውነት ነበረች። ከነቀዳዳው ተወልዶ፣ በአምስት ዓመቱ ከተማ ወስደው ደፍነውለታል። ዘንድሮ አንድ ትልም ሳይጨርስ እርፉን ተደግፎ ማለክለክ ጀመረ።

ከተማ፣ በልጅነቱ ወደ ታከመበት ሆስፒታል ሄደ። የሕፃናት ክፍሉ «አድገሃል፣ ወደ አዋቂዎቹ ውጣ» አለው። የአዋቂዎቹ ሐኪም አዳመጠውና «ይሄ አብሮህ የተወለደ ነው፤ የሚያውቁት የሕፃናቱ ሐኪሞች ናቸው» ብሎ መለሰው። ሁለት ጊዜ ደረጃውን ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ወረደ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን እየጠበቀ አንድ ተንኮል አሰበና ወገዳ ተመለሰ።

የቀበሌው ጸሐፊ አለበል አብሮ አደጉ ነው።

«አስራ ሰባት ዓመቱ ነው ብለህ ጻፍልኝ» አለው።

«መሬት ሲታደል አራት ዓመት ጨምርልኝ ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«አሁን ደግሞ ቀንስልኛ።»

«አንተ ሰው፣ እንደ ካሮት ወደ ታች ነው የምታድገው?» አለ አለበል፤ ማኅተሙን ግን መታለት።

ደምሌ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ የሕፃናት ክፍሉ ደረሰ። ነርሷ ዘነበች የድሮ ካርዱን ፈልጋ አወጣችና ከደብዳቤው ጋር አስተያየችው።

«ካርዱ የወጣው የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት ነው። አንተ አስራ ሰባት ነኝ ትላለህ። ሳትወለድ ነው ካርድ ያወጣኸው?»

«ወረፋው ረጅም ነው ሲሉ ሰምቼ ቀደም ብዬ ያዝኩ፣ ሲስተር።»

ልጅ ታቅፈው የተቀመጡት እናቶች በሳቅ ፍርስ አሉ። ዘነበችም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እግሩ ላይ ወደቀ። ጫማው አልገባ ብሎት ኋላውን ረግጦታል።

«መቼ ነው እንዲህ ያበጠው?»

«ከመከር ወዲህ» አለ። እግሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«የሕፃናቱ ሐኪም ትልቅ ሰው አያይም፣ ደብዳቤህ አያታልለውም» አለችና ስልክ አነሳች። አብሯቸው የተወለደ የልብ ችግር ይዘው ያደጉትን የሚያይ፣ እሷ የምታውቀው ሐኪም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ነው። ብዙ ጠበቀች፣ ተከራከረች፣ ዘጋች።

«ለግንቦት አስመዝግቤሃለሁ። ከባሰብህ ሳትውል ሳታድር ወደ ድንገተኛ ና።»

«ለዘንድሮ ግንቦት?»

«ለከርሞ።»

ደምሌ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እንግዲያው እስከዚያ አስራ ስድስት ይሆነኛል። እዚሁ ታዩኛላችሁ።»

እናቶቹ ሳቁ። ዘነበች አልሳቀችም። እሱም ወጥቶ የመውጫውን ደረጃ ሲወርድ ሦስተኛው ላይ ቆሞ፣ መደገፊያ ብረቱን ይዞ ትንፋሹን ጠበቀ።